ማራካሽ የገዛሁት ስጋጃ ላይ ቡና ተደፋ፤ ደግሞስ እውነት የእጅ ሥራ ነው?

ጠያቂዋ (ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዓምና ሞሮኮ፣ ማራካሽ ከተማ ሄጄ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ቡናማ መስመር ያለው የሱፍ ስጋጃ ገዛሁ። ሻጩ «ቤኒ ኡራይን ነው፣ 60 ዓመት አልፎታል» አለኝ። እሁድ ቶና ላይ ደርሰን ጀበናው ተደፋበት። በረኪና ልጠቀም? የእጅ ሥራ መሆኑንስ በምን ልወቅ? ባለቤቴ «ተሸውደሻል» እያለ ይስቅብኛል።

ድርና ማግ፦
በረኪና እንዳታስነኪው! ሱፍ ይበላል፣ ነጩንም ቢጫ ያደርገዋል። አሁን ገልብጪው። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ቋጠሮዎቹ በማጉ መሃል ተደርድረው ይታያሉ። ጀርባው ላይ ጨርቅ በሙጫ ከተለጠፈ ግን ተሸውደሻል። ዘርፉ የራሱ የድሩ ጫፍ መሆን አለበት፣ በኋላ የተሰፋ አይደለም። በአንድ በኩል ብቻ ዘርፍ ቢኖረው አትደንግጪ፣ የሞሮኮ ምንጣፍ ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው። ከጫፉ አንዲት ክር ነቅለሽ ለኩሺ፦ ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፕላስቲክ ቀልጦ ይጠጥራል። ዕድሜው ሌላ ጉዳይ ነው። አዲሱን በኬሚካል አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው የሚያስረጁ ሞልተዋል።

የመንዝ ልጅ፦
ቤኒ ኡራይን የነጋዴ ፈጠራ አይደለም፤ መካከለኛው አትላስ ተራራ ላይ የሚኖሩ የአማዚግ (በርበር የሚባሉት) ጎሣዎች ስም ነው። ቦታው ብርዳም ስለሆነ ረጅሙ ጠጉር ለመኝታ ነበር፣ ለሳሎን ጌጥ አልነበረም። ነጩም ጥቁሩም ብዙ ጊዜ ያልተነከረ የበጉ መልክ ነው። እኛ ጋ ባና የሚሸምነው ወንድ ነው፣ እዚያ ግን ሴቶቹ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ፣ በቋሚ መሸመኛ፣ ንድፉን ከጭንቅላታቸው አውጥተው። ስለዚህ መስመሩ ቢጣመም ጉድለት እንዳይመስልሽ። እኔ እንደውም ቀጥ ያለውን ነው የምጠረጥረው።

ጠያቂዋ፦
ገለበጥኩት። ቋጠሮ አለው! ሙጫ የለም። መስመሩማ ልክ እንደ ሰካራም ነው። ቡናውስ?

ምንጣፍ አጣቢው፦
እህቴ፣ አትፈትጊው፣ ማሽን ውስጥም አትክተቺው፤ ይኮማተርና ያልቅለታል። ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ጥቂት ነጭ ኮምጣጤ ጨምሪ፣ ነጭ ጨርቅ ነክረሽ እየተጫንሽ ቡናውን ምጠጪ። መጀመሪያ ጥጉ ላይ ሞክሪው። ካልለቀቀ ለሱፍ የሚሆን ለስላሳ ሳሙና ትንሽ። ከዚያ ከስሩ አየር እንዲገባው አድርገሽ ጥላ ላይ ዘርጊው። እርጥቡን ካጠፍሽው ይሸታል። ስታነሺው ጀርባውን አራግፊ፣ ብል የሚጀምረው ከማይታየው በኩል ነው።

ጠያቂዋ (ከሦስት ቀን በኋላ)፦
ተባረኩ! ፈዛዛ ጥላ ብቻ ቀርቷል፣ ረከቦቱን አስቀምጬበታለሁ። ባለቤቴ የእጅ ሥራ መሆኑን አምኗል። 60 ዓመቱን ግን ወይ ፍንክች።