የክተት አዋጁን ተንትኜ ጨረስኩ፣ ግን ምን ጠቀመኝ?

የደብረ ብርሃን ተማሪ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። የምኒልክን የ1888 የክተት አዋጅ ተንትኑ ተብለን ነበር። አርስቶትል የማሳመኛ መንገዶችን በከፈለው መሠረት የተናጋሪው ተአማኒነት፣ ስሜት፣ ምክንያት እያልኩ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ በቀለም አሰመርኩበት። ጨርሼ መልሼ ሳነበው ግን ድሮ ስሰማው ይወረኝ የነበረው ስሜት የለም። ይሄ ትንተና የእውነት ጥቅም አለው ወይስ ያማረ ንግግር መግደያ ነው?

መንዜው፦
እህቴ፣ ስም ለጥፈሽ ስላቆምሽ ነው። «ስሜት» ካልሽ የማን ስሜት ብለሽ ጠይቂ። አዋጁ «ያገሬን ከብት ማለቅ የሰውን መድከም አይቼ» ይላል። ሰሚው እኮ ገና ከክፉ ቀን የወጣ፣ በሬው በበሽታ ያለቀበት ገበሬ ነው። ንጉሡ ዝመት ከማለታቸው በፊት ድካምህን አይቻለሁ እያሉት ነው። ቀጥለው ደግሞ አቅም ያጣውንም አይተዉትም፣ «ጉልበት የሌለህ ለልጅህ ለምሽትህ ለሃይማኖትህ ስትል በሐዘን እርዳኝ» ይሉታል። ከዚያ ልመናው ወስልቶ ለሚቀረው ሰው ድንገት ቁጣ ይሆናል፤ «ማርያምን ለዚህ አማላጅ የለኝም»። የኛን የሸዋን ሰው ደግሞ እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላግኝህ ብለው ቀንና ቦታ ቆርጠውለታል። እኔ እንዲህ ሳየው ጭራሽ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ።

ከአንኮበር፦
መንዜው ልክ ነህ፣ ግን ጉድለቱንም እንናገር። ትንተና ሁሉን ነገር የቃል ሥራ ያስመስላል። ያ ሁሉ ሰው የዘመተው አዋጁ ስላማረ ብቻ አይደለም። መሬት የያዘው ዝመት ሲባል መዝመት ነበረበት፣ መኳንንቱም ጦሩን ይዞ የመውጣት ግዴታ ነበረበት። ይሄ ወረቀቱ ላይ የለም። ጄኔቫንም እዩት። ጣሊያን ስትወረን ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 1928 ላይ እዚያ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተናገሩት ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል፣ መንግሥታቱ ግን ሐምሌ ላይ በጣሊያን ላይ የጣሉትን ማዕቀብ አነሱ። ንግግሩን መስመር በመስመር ብትበትኚው ለምን እንዳልተሳካ አታገኚውም፣ ምክንያቱ ያለው አዳራሹ ውስጥ በተቀመጡት ሰዎች ጥቅም ላይ ነው። ሌላው፣ ሐሰትም አሳምሮ ይነገራል። ትንተናው እንዴት እንደሚያሳምን ያሳይሻል፣ እውነት መሆኑን በሌላ መንገድ ነው የምታጣሪው።

የደብረ ሲና መምህር፦
ተማሪዎቼም ዘይቤ ቆጥረው ነው የሚያቆሙት። እኔ መጀመሪያ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደርጋለሁ፤ አዋጅ ነጋሪት እየተመታ በጆሮ የሚሰማ እንጂ በዓይን የሚነበብ አልነበረማ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር አውጡና እንደገና አንብቡት እላቸዋለሁ። ምን እንደጎደለ ወዲያው ይሰማቸዋል። ሞክሪው።

የደብረ ብርሃን ተማሪ፦
በጣም አመሰግናለሁ። «በሐዘን እርዳኝ» የምትለዋን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እውነትም ሽማግሌውና በሽተኛው ከአዋጁ ውጪ ቀሩ፣ ጥሪው የጤነኛ ሰው ብቻ ሆነ። ቀለሙን ትቼ ስለዚህችው ልጽፍ ነው። ከአንኮበር የጻፍከው ወንድሜ፣ ስለ መሬቱና ስለ ዘመቻ ግዴታው ትንሽ ብትጨምርልኝ? እሱንም ማስገባት እፈልጋለሁ።