ከቦሌ ዋሽንግተን ደለስ ስንት ሰዓት ነው? መሄጃውና መመለሻው ለምን ተለያየ?

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በሐምሌ እህቴ ጋ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው፣ ከአገር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ኢንተርኔት ላይ ርቀቱን ሳየው ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ትኬቱ ደግሞ ከቦሌ 22:30 ተነስታ በማግስቱ 08:30 ደለስ ትገባለች ይላል፣ ይሄ 10 ሰዓት ነው አይደል? መመለሻው ግን 10:00 ተነስቶ በማግስቱ 06:00፣ 20 ሰዓት ማለት ነው። መንገዱ አንድ ሆኖ እንዴት እጥፍ ይሆናል? ብዙ ስትቀመጥ እግሯ ስለሚያብጥ ስንት ሰዓት እንደምትቀመጥ በደንብ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ካዛንቺስ ነኝ፦
እህቴ ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። በሐምሌ ዋሽንግተን ከኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ከህዳር እስከ መጋቢት ደግሞ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 8 ይሆናል። ስለዚህ መሄጃው ላይ 7 ደምሪ፣ 17 ሰዓት፣ መመለሻው ላይ 7 ቀንሺ፣ 13። የሚረዝመው መሄጃው ነው እንጂ መመለሻው አይደለም። ደሞ ለማዘር በኛ አቆጣጠር ጽፈሽ ስጫቸው፣ 22:30 ማታ 4:30 ነው፣ የመመለሻው 10:00 ደግሞ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ 10 ሰዓት ብለው ከሰዓት በኋላ ቢሄዱ አውሮፕላኑ ሄዷል።

ሰማይ ሰማዩን፦
ልዩነቱ የመጣው ከራሱ ከቦሌ ነው። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳን አይሞላም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የክንፉም የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፣ ሙሉ ሰው ሙሉ ሻንጣና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ አንዴ ጭኖ መነሳት በጣም ይከብደዋል፣ ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። በፊት ሮም ነበር፣ ቆይቶ ደብሊን ሆነ። ደብሊን ካርታ ላይ ዙሪያ ጥምጥም ትመስላለች እንጂ ምድር ክብ ስለሆነች መንገድ ላይ ናት ማለት ይቻላል፣ በሷ በኩል መሄድ 300 ኪሎ ሜትር እንኳን አይጨምርም፣ ጊዜውን የሚበላው ወርዶ ቆሞ እንደገና መነሳቱ ነው። ሲመለስ ከደለስ በሙሉ ነዳጅ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ላይ ደግሞ ጄት ስትሪም የሚባለው ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ አለ፣ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል።

የአራት ኪሎዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ አሁን ገባኝ። ነዳጅ ሲሞላ ትወርዳለች ወይ? እንግሊዝኛ አትችልም፣ ብቻዋን ነው የምትሄደው፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ካዛንቺስ ነኝ፦
ብዙ ጊዜ አይወርዱም፣ እዛው ወንበራቸው ላይ ነው የሚጠብቁት። አንቺ አሁኑኑ ደውለሽ ዊልቸር አስመዝግቢላቸው፣ ነጻ ነው፣ ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ይነገር፣ መራመድ ቢችሉም እግራቸው ስለሚያብጥ ይገባቸዋል፣ ደለስ ሲደርሱም የሚገፋቸው ሰው ኢሚግሬሽን አሳልፎ ሻንጣ አስወስዶ እህትሽ ጋ ያደርሳቸዋል። ወንበር ስትመርጪ መስኮት ሳይሆን መተላለፊያው ዳር ይሁን፣ ሰው ሳያስቸግሩ እየተነሱ እንዲንቀሳቀሱ፣ ስለ እግራቸው ደግሞ ሳይሄዱ ሐኪም ጠይቁ፣ የእህትሽን አድራሻና ስልክ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ፓስፖርታቸው ውስጥ አድርጊው።