ግሬት ያርማውዝ ላይ የህንጻ ጉብኝት በእግር፣ የሄደ ሰው አለ?

ሚጣ_ለንደን፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር ባህር ጠረፍ ላይ ያለችው የእንግሊዝ ከተማ ግሬት ያርማውዝ ልንሄድ ነው፣ ባህሩ ለነሱ ነው እኔ ግን እዛው ኮክሪል የሚባል አርክቴክት የሰራቸውን ቤቶች በእግር እያዞሩ የሚያስጎበኙ እንዳሉ ሰማሁና ልቤ ሸፈተ። ባሌ "ግንብ ለማየት ሦስት ሰዓት ባቡር?" እያለ ይስቅብኛል። የ8 ዓመት ልጅ ይሰለቸዋል ወይስ ይዤው ልሂድ?

አቤል_ኖሪች፦
ባለፈው በጋ ሄጃለሁ፣ ሂጂ። ኮክሪሎቹ ግን ሁለት ናቸው፣ አባትና ልጅ። አባትየው የከተማው ኢንጂነር ነበር፣ ኮንክሪት ከመውደዱ የተነሳ "ኮንክሪት ኮክሪል" ነበር የሚሉት። ሂፖድሮምን የሰራው ልጁ ራልፍ ነው፣ በ1903 እ.ኤ.አ የተከፈተ የሰርከስ ቤት፣ ከጌም ቤቶቹ ጀርባ ስለተደበቀ ካልነገሩሽ ታልፊዋለሽ፣ ድንገት ዞር ስትዪ ያ ሁሉ ቴራኮታ (የተተኮሰ ሸክላ) ጌጥ ፊትሽ ግጥም ይላል። ልጅሽን የሚይዘው ደሞ ውስጡ ነው፣ የመድረኩ ወለል ቁልቁል ይሰምጥና ውሃ ይሞላል፣ አሁን ሲገለባበጡበት የነበረው ቦታ መዋኛ ሆኖ ቁጭ! ግን ይሄን የምታዩት ትርኢት ከገባችሁ ነው እንጂ በጉብኝቱ አይደለም።

ቀና_በል፦
ሬጀንት ስትሪት ላይ ፋስቶልፍ ሀውስ የሚባል ህንጻ አለ፣ እሱም የራልፍ ነው፣ 1908። ሰው ስልኩን እያየ ስሩ ያልፋል። እና ጃንጥላ እንዳትይዢ እህቴ፣ የኔን ንፋሱ ገልብጦ አጥንቱን አስቀረልኝ።

የቶርኪው_ልጅ፦
ዌሊንግተን ፒር (ባህሩ ውስጥ የገባው የመዝናኛ ድልድይ) ጋ ያለውን ትልቅ የመስታወት ቤት ማንም አላነሳም? እሱ እኮ መጀመሪያ እኛ ጋ፣ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ቶርኪ ነበር፣ አላዋጣ ሲል ያርማውዞች በ1904 በ1,300 ፓውንድ ገዙት፣ ፈታትተው በጀልባ ጭነው ወስደው እንደገና ገጣጠሙት። እኛ አልጋ ከቤት ቤት ስናዞር እግሩ ይሰበራል 😂 አጠገቡ የነበረውን የፒሩን የመጀመሪያ ፓቪሊዮን (የመዝናኛ አዳራሽ) አባትየው ኮክሪል ነው የሰራው።

ሚጣ_ለንደን፦
ተባረኩ! ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩበትን ቤት ማን እንደሰራው ሳልጠይቅ ፈረሰ፣ የሰው አገር አርክቴክት አባትና ልጅ እለያለሁ አሁን። ትልቁን ይዤው እሄዳለሁ፣ ትንሿ ከአባቷ ጋር አሸዋ ትቆፍር። አቤል፣ ሰርከሱ ቅዳሜ ከሰዓት ትርኢት አለው?