የጦጣዎቹ ጥናት ለእኛ ሕፃናት ምን ይነግረናል?

አዋላጅ ከባሕር ዳር፦ ከዘጌ በጀልባ የመጣች እናት ቤቷ ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚሰጠውን የኔቪራፒን ሽሮፕ ለሕፃኑ ጠብ ሳደርግለት «ዘገየሁ እንዴ?» አለችኝ፤ ነጠላዋ በጣና ውኃ ርሷል። አንጀቴ ተላወሰ። በጦጣዎች ላይ ስለተሞከሩት ፀረ እንግዳ አካላት (ቫይረሱን የሚያከሽፉ የመከላከያ ፕሮቲኖች) የሚያውቅ ያስረዳኝ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ እህቴ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የኦሪገን (አሜሪካ) ጥናት የአንድ ወር ግልገል ጦጣዎችን ኤችአይቪን ለሚመስል ቫይረስ (SHIV) በአፋቸው አጋልጦ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ፀረ እንግዳ አካላት መውጋት ጀመረ። ከስድስት ወር በኋላ በሰውነታቸው ቫይረስ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ሌላ የጦጣዎች ጥናት ሕክምናው የተጀመረው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከ13ቱ 6ቱ ቫይረሱን ለረጅም ጊዜ ተቆጣጠሩት። ሲዲ8 የተባሉት የመከላከያ ሴሎች ሲወገዱባቸው ግን ተመልሶ መጣ። ለካ አልጠፋም፣ ታፍኖ ነበር! እኔን ከሁሉም የደነቀኝ ይህ ነው።

አዋላጅ ከባሕር ዳር፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። እንግዲህ እያንዳንዷ ሰዓት ዋጋ አላት ማለት ነው። ሽሮፑን ሳታቋርጥ እንድትሰጠው ነግሬያታለሁ፤ ለምርመራ ስትመለስ ወደቡ ድረስ ሄጄ እቀበላታለሁ።