«ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ሜሪላንድ የምኖር እህታችሁ ነኝ። ጠባብ ክፍል ገብቼ ሲጨንቀኝ ከአፌ የሚወጣው «ስሞል» ብቻ ነው። «ክላውስትሮፎቢያ» ብል በሽተኛ እመስላለሁ?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። እኛ «ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ» ብለን ቦታውንም ስሜቱንም አንድ ላይ እንገላገላለን። እንግሊዝኛ ላይ ግን ለክፍሉና ለሰውየው የሚሆነውን መለየት ይሻላል።

ክፍሉ ሰውና ዕቃ በዝቶበት መላወሻ ከጠፋ «ክራምፕድ» ነው። ከታፈነ ደግሞ «ስታፊ»። አታምታቻቸው፤ ሰፊ አዳራሽም መስኮቱ ሁሉ ከተዘጋ ስታፊ ይሆናል። እንግሊዞች «ፖኪ» የሚሉትም አለ፤ ጠባብና የማይመች ለማለት ነው። እሱን ግን ሰው ቤት ተጋብዘሽ እንዳትናገሪው፣ ያስቀይማል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ «ክላውስትሮፎቢያ» የሐኪም ቃል ነው፤ ጠባብና የተዘጋ ቦታ መፍራት ማለት ነው። ፓሪስ ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ቤንጃሚን ቦል በ1879 ስለዚሁ ፍርሃት ጽፏል። የቃሉ ግማሽ ከላቲን የመጣ ነው፣ ከመቆለፍና ከመዝጋት ጋር የተያያዘ። ሌላው ግማሽ የግሪኩ «ፍርሃት» ነው። «ክላውስትሮፎቢክ» ካልሽ ግን ማንም በሽተኛ አይልሽም። ለሰውም ለክፍልም ይሆናል፤ «ሊፍቱ ክላውስትሮፎቢክ ነው» ቢባል ያስጨንቃል ማለት ብቻ ነው። ኤምአርአይ (ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተኝተሽ የምትነሺው የሕክምና ምርመራ) ልትነሺ ስትሄጂ ግን ሳታፍሪ «አይ አም ክላውስትሮፎቢክ» በያቸው። ቀድመው ካወቁ ሊያግዙሽ ይችላሉ።

ቤት ተዘግቶብሽ ከከረምሽ «ኩፕድ አፕ» ትያለሽ። «ኩፕ» የዶሮ ቤት ነው። መዋሉ በዝቶ መነጫነጭ ሲጀምርሽ «ኬቢን ፊቨር» ይሆናል፤ ትኩሳት የለውም። ከዚያ ባስ ሲል «ስተር ክሬዚ» ይባላል። «ስተር» በድሮ የአራዳ ቋንቋ እስር ቤት ነው። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ፣ ኃይል አለው።

ሌላ አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። «አንግዛይቲ» (ጭንቀት) የመጣው መጭመቅ፣ ማነቅ ከሚል የላቲን ግሥ ነው። ከዚያው ሥር «ጠባብ» የሚል ቃልም ወጥቷል። ጭንቀትንና ጥበትን ያጣመርነው እኛ ብቻ አይደለንም።

ጥያቄ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! «ስታክ» እና «ትራፕድ»ስ? ደግሞ ባለቤቴ ሥራ ቦታ «ኮንፋይንድ ስፔስ» የሚል ተለጥፏል።

መልስ፦ «ስታክ» ቀለል ያለ ነው። ሊፍት ቆሞብሽም፣ መንገድ ተዘጋግቶብሽም፣ ሐሳብ ጠፍቶብሽም ትያለሽ። «ትራፕድ» ውስጥ ወጥመድ አለ፤ መውጫ የለም፣ ብዙ ጊዜም አደጋ አለ። በ2010 ቺሊ ሳን ሆሴ ማዕድን ውስጥ 33 ሠራተኞች 69 ቀን ከመሬት በታች ሲቆዩ የእንግሊዝኛው ዜና ሁሉ «ትራፕድ» ይል ነበር። ለኑሮም ይሆናል። ዕዳ ወይም የማይለቁት ሥራ እግር ከወርች ሲያስር «አይ ፊል ትራፕድ» ይባላል።

«ኮንፋይንድ ስፔስ»ን ግን «ጠባብ ክፍል» ብላችሁ እንዳታልፉት። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ የራሱ ፍቺ አለው። ሰው ገብቶ ሊሠራበት የሚችል፣ መግቢያ መውጫው የተወሰነ፣ ሰው ዘወትር እንዲቆይበት ያልተሠራ ቦታ ነው። ትልቅ የነዳጅ ታንከርም ሊሆን ይችላል። ውስጡ ኦክስጅን ላይኖር፣ መርዛማ ጋዝ ሊኖር ይችላል። «ፐርሚት ሪኳየርድ» የሚል ከታከለበት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይገባም። ለባለቤትሽ ዛሬውኑ ንገሪው።