ተማሪዎቻችን ገጠር ከመውጣታቸው በፊት፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ

ረቂቁን ያዘጋጀው አባል፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው በተስማማነው መሠረት ጀምሬዋለሁ። ኢንተርኖች ለቲቲፒ (የተለያየ ሙያ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ገጠር ለሚሠሩበት ልምምድ) ወደ ጤና ጣቢያ ሊወጡ ሲሉ «ባህላዊ ትሕትና» የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና ይውሰዱ፤ አውቃለሁ ሳይሉ ስለ ታካሚው ባህል ከራሱ ከታካሚው መማር ማለት ነው። ስለ ቅማንት፣ ስለ ጉሙዝ፣ ስለ ሙስሊም እናቶች፣ ለሰሊጥ ወደ መተማ ስለሚወርዱ ቀን ሠራተኞች ልማድ የሚዘረዝር መምሪያም ይሰጣቸው ብያለሁ። እርማታችሁን እጠብቃለሁ።

መምህርት አባል፦
ድካምህን አከብራለሁ፤ መምሪያው ግን ይቅር። ሜላኒ ቴርቫሎንና ጃን መሬይ-ጋርሲያ በ1998 እ.ኤ.አ. ይህን የባህላዊ ትሕትና ሐሳብ ባቀረቡበት ጽሑፍ የሚያነሡት ታሪክ አለ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት አንዲት የላቲን ተወላጅ ታቃስታለች። ሐኪሙ ሕመሟ እንደበረታ ሲናገር ነርሷ «የእነሱ ሰዎች ሕመም ያጋንናሉ፤ ኮርስ ወስጄበታለሁ» ብላ መለሰችው። ያላወቀችውን ሴት እንዳወቀቻት ያስቆጠራት ያ ኮርስ ነው። እኛም «ቀን ሠራተኛ ሕክምና ያቋርጣል» ብለን ብንጽፍ ያነበበው ተማሪ የካላ አዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ከባድ በሽታ) ታካሚው ለምን እንደሄደ አይጠይቅም። ሕክምናው 17 ቀን መርፌ ነው፤ የሰሊጥ አጨዳ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። የዓመት ገቢው እዚያ ላይ ነው።

ኢንተርን አባል፦
መምህርት ልክ ናቸው። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ የመጀመሪያ ሳምንቴ አንድ አዛውንት መጡ። «ፋዘር፣ መቼ ነው ያመመህ?» አልኳቸው። ልጃቸው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ያልኩት ሁሉ «እሺ ዶክተር» ሆነ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዝኩ፤ «እሺ»። ዐቢይ ጾም ነበር፤ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ እንደማይቀምሱ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። አንቱ ብያቸው ቢሆን ኖሮ ይነግሩኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። «እሺ» ማለት ገባኝ ማለት እንዳልሆነ ማንም አላስተማረኝም።

ጡረተኛ ጤና መኮንን፦
ልጄ፣ ይህን በግልጽ መናገርህ ትልቅ ነገር ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ወባ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለችውን ደምቢያን ከፈጀ በኋላ ነው፤ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒተሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) አብረው ገጠር እንዲወጡ ታስቦ። ስለዚህ ለብቻው የሚቆም ሥልጠና አትፍጠሩ፣ ቲቲፒው ውስጥ አስገቡት። «ባህላዊ ትሕትና» የሚለው ርእስም አልጣመኝም። ትሕትና ሲባል አንገት መድፋት ይመስላቸዋል፤ እኛ የምንፈልገው እንዲጠይቁና እንዲታረሙ ነው።

ሲስተር (ደምቢያ)፦
ጋሼ እንዳሉት ይሁን። እኔ የምጨምረው መምህሮቹ እነማን ይሁኑ የሚለውን ነው፤ እናቶቹ ራሳቸው ይሁኑ። ማቆያ ክፍላችን ውስጥ ከሩቅ ቀበሌ መጥተው ምጣቸውን የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ተማሪው ጋውኑን አውልቆ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሁለት ጠዋት አብሯቸው ይቀመጥ፤ ገንፎው ሲገነፋ፣ ቡናው ሲፈላ። «ሕመሙ ከምን የመጣ ይመስልዎታል? እዚህ ከመምጣትዎ በፊት የት ሄዱ?» ብሎ ይጠይቅ። ጸበልም ዳማከሴም ቢሉት ፊቱ አይቋጠር፤ ይመዝግብ። መጨረሻ ላይ ያዘዘውን እናቲቱ በራሷ አፍ መልሳ ትንገረው። ማርክ ሲሰጥም የእናቶቹ ቃል ይቆጠር። ከከተማ ለሚመጣ አሠልጣኝ አበል እንከፍላለን፤ ለእነሱም ይከፈል።

ረቂቁን ያዘጋጀው አባል፦
መምሪያውን አውጥቻለሁ። ሦስቱ ቀናት ወደ ሁለቱ ጠዋቶች ተቀየሩ። ርእሱን «ከታካሚው መማር» አልኩት። ማርኩን ዲፓርትመንቱ ይቃወም ይሆናል፤ ቢሆንም አላወጣውም። የአበሉን በጀት ማን ይጽፍልኛል?

ሲስተር፦
እኔ እጽፋለሁ። ከመፈረማችን በፊት ግን ማቆያ ያሉትን እናቶች ላማክር፤ ሆዳቸው ገፍቶ ተማሪ ሲከባቸው ላይወዱ ይችላሉ። እምቢ ካሉ ቦታውን እንቀይራለን። እስከ ዓርብ መልሳቸውን አመጣለሁ።