ያ ማሞቂያ ባይበላሽ ሮክ ወዴት ይሄድ ነበር?

የቴፕ ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከአሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ከባዲ ሆሊ መላቀቅ አቅቶኛል። እ.ኤ.አ. 1958 ሊያልቅ ሲል ኒውዮርክ፣ ግሪኒች ቪሌጅ ባለው አፓርታማው ቴፕ መቅጃ አስቀምጦ አዳዲስ ዘፈኖቹን ይቀዳ ነበር። እሱና ጊታሩ ብቻ። ከሞተ በኋላ ሌሎች አጃቢ ሙዚቃ ጨምረውበት አወጡት። እኔ የምወደው ግን ምንም ያልተጨመረበትን ነው። አጠገብህ ቁጭ ብሎ የሚዘፍን ነው የሚመስልህ።

ከዚያ ያ የክረምት የኮንሰርት ጉዞ መጣ። የአውቶቡሱ ማሞቂያ ተበላሽቶ ድራመሩን ብርድ እግሩን ስለመታው ሆስፒታል ገባ። ሆሊ ብርዱ ሲያንገሸግሸው ትንሽ አውሮፕላን ተከራየ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 ሌሊት፣ አዮዋ ውስጥ ተከሰከሰች። ሆሊ 22 ዓመቱ ነበር። አብሮት የሚጓዘው ዘፋኝ ሪቺ ቫለንስ ገና 17። ሌላው ዘፋኝ ቢግ ቦፐርና አብራሪውም አብረው ሞቱ።

ሰውየው እኮ ከጥቂት ወራት በፊት በቫዮሊኖች ታጅቦ ቀድቶ ነበር። ዘፈኑንም ራሱ ነው የሚጽፈው። ያ ማሞቂያ ቢሠራ ኖሮ ሮክ ምን ይመስል ነበር ትላላችሁ? እኔ እንደሚመስለኝ ስቱዲዮ ውስጥ አዲስ ድምፅ መፈለግ ቢትልሶችን አይጠብቅም ነበር።

ስድስተኛ ክር፦

ወንድሜ፣ በሆሊ እስማማለሁ። ግን የደረሰውን ክፉ ነገር ሁሉ ከሰረዝክ እኔ የምወደው ሙዚቃም አብሮ ይሄዳል።

የሄቪ ሜታል ባንዱን የብላክ ሳባዝን ጊታሪስት ቶኒ አዮሚን እየው። በርሚንግሃም፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኑ። 17 ዓመቱ ነው። ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፋቸውን ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫነው በዚያው እጁ ነው። አለቃው የጃንጎ ሬይንሃርትን ሸክላ አሰማው፤ ጃንጎም እሳት ሁለት ጣቶቹን የጎዳበት ጊታሪስት ነበር። አዮሚ የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ላዩ ላይ ቆዳ ለጠፈ። ቀጫጭን ክር አሰረ። 1971 ላይ፣ በብላክ ሳባዝ ሦስተኛ አልበም፣ ጊታሩን በድምፅ ከፍታ አንድ ቶን ተኩል ዝቅ አድርጎ ቃኘው። ክሩ ሲላላ ለጣቱ ቀለለው። ድምፁ ግን ከበደ።

ነገሩ ለእኔ ቅርብ ነው። አምና በር የግራ ሌባ ጣቴን ጨፍልቆት ለወራት ክር መጫን አቃተኝ። አንድ ማታ ክሮቹን ግማሽ ቶን ሳላላቸው ጣቴ እፎይ አለ። ወፍራሙን ክር ደጋግሜ መታሁት። ደረቴ ውስጥ ነው የገባው። አዮሚ ባይጎዳ ደስ ይለኝ ነበር፣ ለእሱ ስል። ሄቪ ሜታል ግን ያን ድምፅ አያገኝም ነበር።

የሌሊት ቤዝ፦

የእንግሊዙን ባንድ ጆይ ዲቪዥንን አትርሱ። ዘፋኙ ኢያን ከርቲስ የሞተው ሜይ 18 ቀን 1980፣ ባንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል ነው። የቀሩት ኒው ኦርደር ሆኑ። ወደ ዳንስ ሙዚቃ የገቡት እሱ ስለሞተ ነው የሚል ሰው አለ። አይመስለኝም። ሲንተሳይዘሩ (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱ) እሱ እያለም ነበር። ምናልባት በዚያ ምት ላይ የሚዘፍነው ከርቲስ ራሱ ይሆን ነበር። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

የቴፕ ወዳጅ፦

ስድስተኛ ክር፣ እንኳን ጣትህ ተረፈልህ። ግን አዮሚ ተጎድቶ ቀረልን። ጠርሙስ የሚያቀልጥበት ቀን አገኘ። ሆሊ ያችን ቀን አላገኘም። የሆሊ ባንድ፣ ክሪኬትስ፣ በፌንጣ መሰል ነፍሳት ስም ቢጠራ እነዚያ የሊቨርፑል ልጆችም ተከትለው ነው ከጥንዚዛ ስም ቢትልስ ያሉት። 1964 ላይ አሜሪካ ሲገቡ እሱ በሕይወት ቢኖር ገና 27 ዓመቱ ነበር። አንድ ማይክ ዙሪያ አብረው ቆመው ነው የሚታዩኝ።

ዛሬ ማታ ያን የአፓርታማ ቅጂ እንደገና እከፍተዋለሁ። አንተም ጊታርህን እንደላላ አትቀይረው፤ አብረኸው ሞክርና ምን እንደሚመስል ጻፍልኝ።